«ፖፑላር» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽልና የአፈታቱ ችግር

በእንግሊዝኛ ትምህርት አንድን የባዕድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል መፍታት የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው ጊዜ ይቆጥባል፤ ዳሩ ግን ብዙ ትርጉም ባለው ቃል ላይ ሲውል ተማሪውን ያሳስታል። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው አዘውትሮ «ታዋቂ» ተብሎ የሚፈታው «ፖፑላር» የተሰኘው ቅጽል ነው።

ይህ ፍች ከመነሻው ጐደሎ ነው። ሰው በመልካምም ሆነ በክፉ ሥራው ሊታወቅ ይችላል። ስሙ በየአገሩ የተሰማ ወንበዴ ታዋቂ ነው፤ ሕዝብ ካልወደደው ግን «ፖፑላር» አይሰኝም። ስለዚህ ለዚህኛው ትርጉም «ተወዳጅ» የተሻለ ይሆናል።

ይሁንና «ተወዳጅ»ም ቢሆን ሁሉን አያዳርስም። የቃሉ ምንጭ «ሕዝብ» የሚል ፍች ያለው የላቲን ቃል ነው። ሬይመንድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው «ኪወርድስ» በተሰኘው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ቃሉ በመጀመሪያ የሕግና የፖለቲካ ቃል ነበር፤ «በብዙዎች የተወደደ» የሚለው ትርጉም የዳበረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በሊዮን ብሉም መሪነት የፈረንሳይን መንግሥት የመሠረተው «ፖፑላር ፍሮንት» ሕዝባዊ ግንባር እንጂ ታዋቂ ግንባር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በተደረገው ምርጫም ሂላሪ ክሊንተን በ«ፖፑላር ቮት» ማለትም በሕዝቡ ቀጥተኛ ድምፅ ቢበልጡም፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የክፍላተ ግዛት ወኪሎች በመሆናቸው ተሸነፉ። ሐረጉን «ተወዳጅ ድምፅ» ብሎ የተረዳ ተማሪ የታሪኩ ፍሬ ነገር ያመልጠዋል። «ፖፑላር ሳይንስ» ሲባል ደግሞ ባለሙያ ላልሆነ አንባቢ እንዲገባ ተደርጎ የቀረበ ሳይንስ ማለት ነው።

የዊልያምስ ሐተታ ዋና ጠቀሜታ፣ ቃሉን የሚናገረው ሕዝቡ ራሱ ነው ወይስ ሕዝቡን ከላይ ሆኖ የሚመዝን ሌላ ወገን ነው ብሎ እንዲጠየቅ ማድረጉ ነው። ሆኖም የተጻፈው እንግሊዝኛን አስቀድሞ ለሚያውቅ አንባቢ ስለሆነ፣ የአማርኛ ተናጋሪው ችግር በእርሱ ብቻ አይፈታም። «ሕዝባዊ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ይወክላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ፒፕልስ» እንጂ «ፖፑላር» አልተባለም። እንግዲህ ስሕተቱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ከአማርኛ ወደ እንግዝኛ በሚደረገው ትርጉምም ሊከሠት ይችላል።

በመሆኑም ቃሉ ለብቻው ተነጥሎ በዝርዝር ከሚቀርብ ይልቅ፣ ከሚከተለው ስም ጋር በሐረግ መልክ ቢሰጥ ይመረጣል። የታሪክና የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ደረጃ፣ የአንድ ቅጽል ጐደሎ ፍች በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርምና።