ቀይ ካርዱ ከወጣ በኋላ

ናይሮቢ ውስጥ ራግቢ ስዳኝ ሊያዩኝ የሚመጡ ወዳጆቼ፣ አብዛኞቹ እግር ኳስ እያዩ ያደጉ ኢትዮጵያውያን ናቸውና፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «ሠላሳ ጎረምሳ እንዲህ እየተላተመ እንዴት ድብድብ አይነሳም?» ይነሳል። ሲነሳ አይቻለሁ፣ ገላግያለሁ፣ ካርድም አውጥቻለሁ። መጀመሪያ በዳኝነት፣ ኋላም በዲሲፕሊን ኮሚቴ አባልነት ነገሩን ስከታተል ቆይቼ የያዝኩት እምነት ይህ ነው፦ የጡጫው ሥር ብዙ ጊዜ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ዳኛው የጻፈው ሪፖርት የት እንደሚደርስ በማይታወቅበት ሊግ ተጫዋችን የሚያስቆም ካርድ የለም።

ራግቢ ኬንያ የገባው ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ነው። ለረጅም ጊዜም የነጮች ክለቦችና ዛሬ ሌናና እንደሚባለው፣ ያኔ ግን ዱክ ኦፍ ዮርክ ይባል እንደነበረው ያሉ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሆኖ ኖረ። ጥቁር ኬንያውያን ተጫዋቾች የራሳቸውን ክለብ ሙዋምባን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሰባት ተጫዋቾች የሚጫወተው የኬንያ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ሲንጋፖር ላይ በፍጻሜው ፊጂን 30 ለ 7 ረትቶ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ራግቢ ከናይሮቢው ንጎንግ ሮድ ሜዳ ታዳሚዎች አልፎ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ዛሬ ካካሜጋም፣ ናኩሩም፣ ኪሱሙም፣ ኤልዶሬትም ይጫወታሉ። ደስ የሚል እድገት ነው። ችግሩ ተጫዋቹ በዝቶ ዳኛው፣ የጨዋታ ኮሚሽነሩ፣ ሒሳብ ያዡና ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው በዚያው ልክ አለመብዛታቸው ነው። ሁከት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

በታችኛው ዲቪዚዮን አንድ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሏል። እንግዳው ቡድን ገና ሳይነጋ በማታቱ፣ በኬንያ ሚኒባስ፣ ተነሥቶ የመጣ ነው። አምቡላንስ አልደረሰም፤ አምቡላንስ ከሌለ ደግሞ ጨዋታ አላስጀምርም። ተመልካቹን ከሜዳው የሚለየው ገመድ ግማሽ ድረስ ተወጥሮ አልቋል። የመስመር ዳኛ ይሆናል የተባለው ሰው ስለቀረ ባለሜዳው ክለብ ከተቀያሪዎቹ ለአንዱ ባንዲራ ይሰጠዋል። የእኔ አበል በዚያው ክለብ ገንዘብ ያዥ ኪስ ውስጥ፣ በፖስታ ታሽጎ ነው ያለው። አሥር ሰዓት ላይ አምቡላንሱ ሲመጣ ኳሱን ገና ማንም አልነካውም፤ እንግዳው ቡድን ግን ዳኝነቱ እንደተበላሸ ከልቡ አምኗል። ከዚያ በኋላ የምነፋው ፊሽካ ሁሉ በዚያ ጥርጣሬ ውስጥ አልፎ ነው ጆሯቸው የሚደርሰው።

እርግጥ ዳኛው ራሱ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው። ድብድብ ምልክት አለው፤ ሙያው ምልክቱን ቶሎ ማየት ነው። ኳሱ ካለፈ በኋላ ማሊያ ይዞ የሚቀር እጅ፣ ከራክ፣ መሬት ላይ ባለ ኳስ ዙሪያ ከሚደረገው ግፊያ፣ ሲነሣ የተጋጣሚውን ጭንቅላት ተደግፎ የሚነሣ ሰው፣ ስክረም፣ የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተጫዋቾች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት፣ ሲፈርስ ከሥር የሚሰማ ስድብ። በተለይ ስክረሙን አጥብቄ እከታተላለሁ። ስምንት በስምንት ሆነው ሲገጥሙ የፊተኞቹ ስድስት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ናቸው። ዳኛው የሚቆመው በአንድ ወገን ነው፤ በወዲያኛው ወገን እጅ ምን እንደሚሠራ አይታየውም። ስለዚህ ስክረሙ ደጋግሞ ከፈረሰ ወደ ማዶ እዞራለሁ። በዚያ ጫፍ የተጋጠሙት ሁለቱ ፕሮፖች መዞሬን ሲያዩ ብቻ እጃቸው ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ።

ካልሆነ ሰዓቱን አቁሜ ሁለቱን አምበሎች እጠራለሁ። በራግቢ ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያየሁትን ነገር፣ የተጫዋቹን ቁጥርና የሚቀጥለውን ቅጣት እነግራቸዋለሁ። ቅጣት ከሰጠሁ በኋላ የሚከራከር ካለ የቅጣቱን ቦታ 10 ሜትር ወደፊት እወስደዋለሁ። ቀጥሎ ቢጫ ካርድና 10 ደቂቃ ውጭ መቀመጥ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በእኛ ሙያ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ከዳኛው ጀርባ የቆመ ነገር ሲኖር ነው። አያቶቻችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ሲላቸው ይቆሙ ነበር። ያስቆማቸው የመንገደኛው ጉልበት አልነበረም፤ ከቃሉ ጀርባ ዳኛም መንግሥትም እግዚአብሔርም እንዳለ ማመናቸው ነበር። ፊሽካም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ከፊሽካው ጀርባ የሚጠይቀው አካል እንደሌለ ካወቀ፣ እኔ በዚያ ሜዳ ላይ ሳንባ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነኝ።

ከፊሽካው ጀርባ ያለው ነገር የሚጀምረው በሪፖርት ነው። ወጣት ዳኞችን ሳሠለጥን ብዙ ሰዓት የምሰጠው ለዚህ ነው። ቀይ ካርድ ያወጣ ዳኛ በዚያው ምሽት፣ ስልክ መደዋወል ሳይጀመር፣ መጻፍ አለበት። «ቁጥር 6 ተጋጣሚውን በጭካኔ ደበደበው» የሚል ሪፖርት ለኮሚቴ አይጠቅምም፤ ጭካኔውን ያየ ሰው የለምና። «በ52ኛው ደቂቃ፣ ኳሱ ከራኩ ከወጣ በኋላ፣ 5 ሜትር ያህል ርቄ፣ የሚጋርደኝ ሰው ሳይኖር፣ የቀዩ ቡድን ቁጥር 6 በተጨበጠ ቀኝ እጁ የቁጥር 2ን ግራ መንጋጋ አንድ ጊዜ ሲመታው አየሁ። ቁጥር 2 ወደቀ። የሕክምና ባለሙያ ገባ። ከዚያ በፊት ቁጥር 2 ቁጥር 6ን ማሊያውን ይዞ ነበር።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ይዘሏታል። እኔ ግን አጥብቄ አስጽፋለሁ። ለተከሳሹ የሚጠቅመውንም የጻፈ ዳኛ ሌላው ቃሉ ይታመንለታል።

ቀጥሎ ሪፖርቱ ከደንብ ጋር ይገናኛል። የጨዋታው ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ የወርልድ ራግቢ ደንብ 17 ለየጥፋቱ የቅጣት መነሻ አስቀምጧል። ተጋጣሚን በእጅ ለመታ ሰው ዝቅተኛው 2 ሳምንት፣ መካከለኛው 6፣ ከፍተኛው ከ10 ጀምሮ ነው። ምቱ ጭንቅላት ላይ ካረፈ መነሻው ከመካከለኛው በታች አይወርድም። በዳኛ ላይ እጁን ያነሣና ጉዳት ያደረሰ ደግሞ ከ24 ሳምንት ተነሥቶ እስከ ዕድሜ ልክ እገዳ ይደርሳል። ጥፋቱን ያመነ፣ ከዚህ በፊት ያልተከሰሰ፣ ይቅርታ የጠየቀ ተጫዋች ቅጣቱ እስከ ግማሽ ሊቀነስለት ይችላል። ይህ ሠንጠረዥ ለአዳጊ ሊግ ትልቅ ስጦታ ነው። ስፖንሰር ያለውንም ክለብ፣ ማሊያ በየተራ የሚለብሰውንም ክለብ በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ሚዛኑን የሚይዘው እጅ ግን የሰው ነው። በትንሽ የራግቢ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ የተከሳሹ አሠልጣኝ አብሮ አደጉ ነው። እሑድ ጠዋት ስልኩ ይጠራል። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ተጨባብጠዋል እኮ፤ ለምን በውስጥ አንጨርሰውም?» ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ያደግኩበት ባህል ነው፤ ብዙ ቤትም አቁሟል። ነገር ግን ሽምግልና የሚያምረው ሁለቱም ወገን በእኩልነት ሲቀመጥ ነው። በዚያ የስልክ ጥሪ ላይ መንጋጋው ያበጠው ልጅ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ያልተፈረደው ነገር በጡጫ ይፈረዳል።

አንድ ጊዜ ከናይሮቢ ውጭ በተደረገ ጨዋታ የአንድ ክለብ ኃላፊ ሜዳ ገብቶ የአንድ ወጣት ዳኛ ባልደረባዬን አንገት አነቀ። ባልደረባዬ በዚያው ሌሊት ጻፈ። ሪፖርቱ ደረሰኝ የሚል ሰው ጠፋ። ሳምንታት አለፉ፤ ሰውየው በተከታዩ ቅዳሜ በዚያው መስመር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ ከዚያ ወጣት ጋር ሥልጠና የወሰዱ ልጆች ለሩቅ ሜዳ ሲመደቡ አንድ በአንድ ሰበብ ማቅረብ ጀመሩ። ሊጉ ዳኞቹን ያጣው በዚያ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። ለሪፖርቱ መልስ ሳይሰጥ የቀረው ቢሮም እኩል ድርሻ አለው።

በደንብ የተካሄደ ጉዳይ ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። ጓደኛውን የነኩበት መስሎት ተጋጣሚውን ፊቱ ላይ የመታ አንድ ወጣት ፍላንከር (የስክረሙ ጎን ተጫዋች) ከሦስት አባላት ፊት ቀረበ። ከአባላቱ አንዱ የክለቡ የቀድሞ አሠልጣኝ ስለነበረ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ሌላ ሰው ተተካ። ሪፖርቱ ተነበበ። የተመታው ልጅም ተጋብዞ ነበርና ያለውን ተናገረ። ፍላንከሩ ጥፋቱን አመነ። 6 ሳምንት መነሻ ተብሎ፣ በማመኑና በንጹሕ ታሪኩ 3 ተቀነሰለት። ወጣቱ ሲወጣ የጠየቀን ነገር ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያገኝ ብቻ ነበር። ቅጣት የሚወሰነው «ማንን ታውቃለህ?» በሚለው እንደሆነ ሲነገረው ኖሯል፤ ወረቀቱ ላይ ግን እያንዳንዱ ሳምንት ከምን እንደመጣ ተጽፏል። ሁለቱ ክለቦች በዚያ ዓመት እንደገና ሲጋጠሙ የዳኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ከባድ ግን ንጹሕ ጨዋታ ነበር።

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች የለያያቸው ገንዘብ አይደለም። ሪፖርት የሚቀበል ሰው በስሙ መታወቁ፣ ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ቀድሞ መቆረጡ፣ ዝምድና ያለው አባል መነሣቱ፣ ውሳኔው ለሁሉም ክለቦች መላኩ የሚጠይቁት ትጋት ነው። የዳኛው አበል ከባለሜዳው ክለብ ኪስ ወጥቶ በቀጥታ ከሊጉ በሞባይል ቢላክ፣ ከስንት ጨዋታ ላይ ጥርጣሬ እንደሚወገድ አስቡ። ክለቦች ከሚከፍሉት መዋጮ ላይ የአምቡላንስና የዳኛ ወጪ አስቀድሞ ተቀንሶ ቢቀመጥ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ ተመርምሮ በጠቅላላ ጉባኤ ቢነበብ፣ ጨዋታው በሰዓቱ ይጀመራል። በሰዓቱ የተጀመረ ጨዋታ ደግሞ ግማሽ ሰላሙን ይዞ ይመጣል።

ከላይ ሆኖ የሚያይ አካልም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኬንያ የስፖርት ሕግ የስፖርት ማኅበራትን የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤትና የስፖርት ክርክሮች ትሪቡናል አቋቁሟል። በውስጥ ኮሚቴ የተበደለ ክለብ ወይም ተጫዋች ሌላ በር አለው። የኮሚቴው ስብጥርም ለውጥ ያመጣል። ወርልድ ራግቢ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጸደቀው ማሻሻያ ቢያንስ 17 ሴቶች ምክር ቤቱ ውስጥ እንዲቀመጡ አድርጓል። በእኛም ዘንድ የቀድሞ የቡድን ጓደኛሞች ብቻ ባሉበት ጠረጴዛ ሴቶች ሲቀላቀሉ «በውስጥ እንጨርሰው» የሚለው ንግግር ሲቀንስ አይቻለሁ። አዲሱ ሰው «የት ተጽፏል?» ብሎ ይጠይቃልና።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ ከፍተኛውን ደረጃ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ አፍሪካው የራግቢ ኃላፊ ራሲ ኢራስመስ አንድን ዳኛ በረጅም ቪዲዮ በአደባባይ በመተቸቱ ከማናቸውም የራግቢ ሥራ ለሁለት ወር ታግዷል። የ2023ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የዳኘው ዌይን ባርንስ በእርሱና በቤተሰቡ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለደረሰው ማስፈራሪያ በግልጽ ተናግሯል። በአገራችን እግር ኳስም እ.ኤ.አ. በ2018 ዳኛ ሜዳ ላይ ከተደበደበ በኋላ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ስፖርቱ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

አዲስ ሊግ ሊያቋቁሙ የሚፈልጉ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ኳስ፣ ስለ ማሊያና ስለ ዋንጫ ይነግሩኛል። እኔ የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ ቅዳሜ ቀይ ካርድ ቢወጣ ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን የሚቀበለው ማን ነው? ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? ከመካከላቸው አንዱ ከክለቡ ጋር ንክኪ ቢኖረው ማን ይተካዋል? ስም ጠርተው ከመለሱልኝ የመክፈቻውን ጨዋታ በደስታ እዳኝላቸዋለሁ። ካልመለሱልኝ ውድድሩን እስኪመልሱ ድረስ እንዲያቆዩት እመክራለሁ፤ ልጆቻችንን ፍርድ ወደሌለበት ሜዳ ማስገባት አይገባንምና።