ስምንት በሽተኞችና አንድ ጥያቄ

አርተር ኸርብስት፥ ሀዋርድ ኡልፌልደርና ዴቪድ ፖስካንዘር የተባሉት የቦስተን ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ያወጡት አጭር ጽሑፍ ዘወትር በምስጋና ይጠቀሳል። እኛም ምስጋናውን አንነፍገውም፤ ዳሩ ግን ምን እንዳረጋገጠና ምን እንዳላረጋገጠ መለየት የሒስ ተግባር ነው።

በወጣት ሴቶች ብልት ውስጥ የሚነሣው አዴኖካርሲኖማ የተባለው ካንሰር ከዚያ በፊት የታየው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነበር። ከ1966 እስከ 1969 ግን በቦስተኑ ቪንሰንት መታሰቢያ ሆስፒታል ተደጋግሞ ተገኘ። ማይክሮስኮፑ የበሽታውን ስም ነገራቸው፤ ምንጩን ግን ሊነግራቸው አልቻለም። ስለዚህ ለ8 በሽተኞች ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ጤነኞችን ለማነጻጸሪያ መርጠው እናቶቻቸውን ጠየቁ። ከበሽተኞቹ እናቶች 7ቱ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ስቲልቤስትሮል የተባለውን ሰው ሠራሽ ሆርሞን ወስደው ነበር፤ ከ32ቱ የጤነኞች እናቶች ግን አንዲቱም አልወሰደችም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው ውርጃን ለመከላከል ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስና ቀድሞ የደረሰ የፅንስ መጥፋት በበሽተኞቹ እናቶች ላይ እንደ በዛ ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ መድኃኒቱን ያሳዘዘው ችግር? የ8 ሰዎች ቁጥር ይህን ለብቻው አይፈታውም። መልሱን የረዳው በ1953 የታተመው የዲክማንና የባልደረቦቹ የቺካጎ ጥናት ነው፤ በዚያ መድኃኒቱ የተሰጠው እርግዝናቸው ለሚያሠጋ ሴቶች ብቻ አልነበረም። ሴት ልጆቻቸው ኋላ ሲመረመሩ አዴኖሲስ የተባለው፥ ካንሰር ያልሆነ የሕዋስ ለውጥ በብዛት የተገኘው መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች በተወለዱት ላይ ነው።

ሁለተኛም፥ ጥናቱ ከታመሙት ስለሚነሣ፥ መድኃኒቱ ከደረሰባቸው ልጆች ስንቶቹ እንደሚታመሙ ሊነግረን አይችልም። ኋላ እንደ ተገመተው ከ1000 አንዲት ያህል ናት። ይህን ሳይጨምር ጽሑፉን የሚጠቅስ ሰው ብዙዎችን ያለ መጠን ያስፈራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የቺካጎው ጥናት መድኃኒቱ ውርጃን እንደማይከላከል አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት ለነፍሰ ጡሮች መታዘዙ አልቀረም።

በእኛ አስተያየት የጽሑፉ ትልቅ ትምህርት ይህ ነው፤ ብርቅ በሽታ ሲገጥም ስሙን ማወቅ የምርመራው እኩሌታ ብቻ ነው። ቀሪው እኩሌታ በሽተኛዋን፥ አስፈላጊም ሲሆን እናቷን፥ በትዕግሥት ጠይቆ መስማት ነው።