ጳጉሜን በጃቫ

ናይሮቢ፣ ሩንዳ ተቀምጬ ለአዲስ አበባ ክሊኒኮች ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ስጽፍ ሰዓቱ አያስቸግረኝም። የግቢያችን ዘበኛም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው።

የጃቫ የድሮው የቀን አያያዝ ለፈረንጁም አልተመቸም፤ ጃንዋሪን ዜሮ ብሎ ነበር የሚቆጥረው። ስቲቨን ኮልበርን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆዳ-ታይም የተባለውን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ጀመረ። ጃቫ ጸሐፊው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። የኛም አቆጣጠር፣ ጳጉሜንን ይዞ፣ እዚያ ውስጥ ቦታ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን የጃቫ አካል የማድረግ ሥራ ሲጀመር ብዙዎች ጆዳ እንዳለ የሚገባ መስሏቸው ነበር። ኮልበርን ራሱ ግን እንደ አዲስ ጻፈው። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ እኛን ይነካል። በጆዳ አንድ ቀን የየትኛውንም አገር አቆጣጠር ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ «ስንተኛ ወር ነው?» ብሎ የጠየቀ ኮድ «13» የሚል መልስ ሊመጣበት ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ጠብቆ የተጻፈ ኮድ ደግሞ እዚያ ላይ ይወድቃል። በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 8 ጋር የወጣው አዲሱ ሥራ ተራውን ቀን በጎርጎርዮሳዊው ብቻ አሰረው። የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠሮች ለየብቻቸው ገቡ። የኛው ግን ስሪቴን-ኤክስትራ በሚባል ተጓዳኝ ላይብረሪ ውስጥ ቀረ።

ቅር ቢለኝም ኮልበርን ልክ ነው። የብዙ ሰው የሆነ ዕቃ ማንንም ማስደንገጥ የለበትም። እኔም የማስቀምጠው በጎርጎርዮሳዊው ነው፤ ወደ እኛው የምመልሰው ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ።

ሒሳቡ ላይ ግን ላይብረሪውም አያድንም። ነሐሴ 20 ላይ «አንድ ወር ጨምር» ቢሉት፣ ጳጉሜን 20 የሚባል ቀን ስለሌለ ጳጉሜን 5 ይላል (በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6)። በደንቡ አልተሳሳተም። ይሁንና ለጳጉሜን ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የታለ? ኪራይስ ማን ይጠይቃል? ስለዚህ የበሽተኛውን ቀጠሮ በ30 ቀን ቆጥሬ መስከረም 15 ላይ አውለዋለሁ፤ የክሊኒኩን ኪራይ ግን ጳጉሜንን አዘልዬ መስከረም 20 ላይ አሳርፈዋለሁ። ይህን ደንብ የትኛውም ላይብረሪ ውስጥ አላገኘሁትም፤ የራሴው ኮድ ነው።