ታሪክ ሁሉ በምስክርነት ማለቅ አለበት?

ባለፉት ሁለት ዓመታት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አዳማ ውስጥ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ለሚፈልጉ አዋቂዎች ሳስተምር ቆይቻለሁ። ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው። ባጃጅ የሚነዱ አሉ፤ ልብስ የሚሰፉ አሉ፤ ከሞጆና ከወንጂ በሚኒባስ የሚመጡም አሉ። ደክሟቸው ይመጣሉ፤ ግን ደብተራቸውን አይረሱም። መብራት ሲጠፋ በስልካችን ብርሃን እናነባለን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሂስ በአንድ መጽሐፍ ላይ አይደለም። እኛ የወንጌል አማኞች ታሪክ ስንጽፍ ደጋግመን በምንሠራው አንድ ስህተት ላይ ነው። ከተማሪዎቼ ይልቅ የምተቸው ራሴን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ።

በመጀመሪያው ወር የተሰጡኝን ታሪኮች ቤቴ ወስጄ አነበብኳቸው። መነሻቸው የተለያየ ነበር፤ መጨረሻቸው ግን አንድ ነው። ሰካራሙ ባል በመጨረሻው አንቀጽ መዝሙር ይሰማል፣ ይንበረከካል፣ ያለቅሳል፣ ይድናል። የጠፋችው ልጅ በመጨረሻው ገጽ ትመለሳለች። የታመመው ይፈወሳል። አምስት ገጽ ሙሉ የተከመረው ችግር በአምስት መስመር ይናዳል። አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለ መጨረሻውን ስለሚያውቀው፣ የቀረውን የሚያነብበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህን ስል አንድ ወጣት ተማሪ እጁን አወጣና «ታዲያ መምህር፣ ሰው ሲድን መጻፍ ነውር ነው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም ነውር አይደለም ነው። ጥያቄው መዳኑ ከታሪኩ ውስጥ በቅሏል ወይስ ከውጭ ተጎትቶ መጥቷል የሚለው ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ ተመልከቱ። ልጁ ልብ የገዛው ስብከት ሰምቶ አይደለም፤ ርቦት ነው። እሪያዎቹ የሚበሉትን እስኪመኝ ድረስ ርቦታል። የአባቱን ቤት ያስታወሰውም በእንጀራው ነው። ለአባቱ የሚናገረውን ቃል በሩቅ አገር ሆኖ ያዘጋጃል፤ አባቱ ግን እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቀውም። እዚህ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። መመለሱን የምናምነው ረሃቡን ስላመንን ነው።

አሁን ደግሞ የዚያኑ ታሪክ መጨረሻ ልብ በሉ። ታላቁ ወንድም ደጅ ቆሟል፤ አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል። ገባ ወይስ አልገባም? ጌታ አልነገረንም። ትንቢተ ዮናስም እንዲሁ በእግዚአብሔር ጥያቄ ያበቃል፤ ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም። መጨረሻውን ክፍት መተው የዓለማውያን ጸሐፊዎች ፋሽን የሚመስለው ሰው እነዚህን ሁለት ቦታዎች ደግሞ ያንብብ። ታሪኩ ክፍት የቀረው መልሱ ከሰሚው ስለሚጠበቅ ነው።

በክፍላችን ብዙ ጊዜ የወሰድንበት ሥራ የሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ «ተማሪው» ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። የነገረ መለኮት ተማሪ የሆነ ወጣት በስቅለት ዕለት ምሽት ከአደን ሲመለስ ይበርደዋል፤ ይርበዋል። ሁለት ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ ያነደዱት እሳት ዘንድ ቆሞ እጁን ያሞቃል። ጴጥሮስም እንዲህ ባለ ብርድ ሌሊት እሳት ይሞቅ እንደነበር ያነሳና ክህደቱን ይተርክላቸዋል። እናትየዋ ታለቅሳለች። ልጅቱ፣ ባሏ ይደበድባት የነበረችው፣ ከባድ ሕመም እንደሚችል ሰው ፊቷ ይጠብቃል። ተማሪው ተሰናብቶ ይሄዳል። ሴቶቹ ምን እንዳሰቡ ቼኾቭ አይነግረንም።

ተማሪው ግን መንገድ ላይ ያሰላስላል። እናትየዋ ያለቀሰችው እሱ ጥሩ ተናጋሪ ስለሆነ አይደለም፤ በጴጥሮስ ላይ የደረሰው ለእሷ ቅርብ ስለሆነ ነው። እኔ ይህን ቦታ ለተማሪዎቼ ሳነብ ሁሌም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ወጣቱ ታሪኩን ጨርሶ «እንግዲህ እናንተም ንስሐ ግቡ» ቢል ኖሮ ሴትዮዋ ታለቅስ ነበር? አንድ ማታ ከወንጂ የሚመጣው ተማሪያችን «ታለቅስ ይሆናል፤ ግን ለሰው ይሉኝታ ብላ ነው» ብሎ መለሰ። ከዚህ የተሻለ ሂስ እኔም አልጽፍም።

ወንጂን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ዝርዝር ነገር ያስተማረኝም ይኸው ተማሪ ነው። በመጀመሪያ ጽሑፉ ገጸ ባሕርይውን «በጣም ዓይን አፋር ልጅ ነበር» ብሎ ነበር ያቀረበው። ዓይን አፋርነቱ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኩት። በሁለተኛው ጽሑፍ ልጁ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበትና በልጅነቱ የጠጣውን ሰው ጥርስ እንደሚያቡናማ የእኛ አካባቢ ሰው ያውቃል። ያቺ አንዲት እጅ መንደሩን፣ ውኃውን፣ የልጁንም ኀፍረት ይዛ መጣች። በትምህርት ቤት መቼት የምንለው፣ መቼንና የትን ያጣመረው ቃል፣ ሥራው ይኸው ነው። ቦታው ሰውየው ላይ ምልክት ሲተው ታሪክ ይጀምራል።

ሌላዋ ተማሪ ስለ አያቷ ጻፈች። አያትየዋ የዜና አንባቢ አማርኛ ይናገራሉ። «እቤት በምን ቋንቋ ነው የሚያወሩት?» ስላት ሳቀችና «በኦሮምኛ ነው እንጂ!» አለች። እንግዲያውስ አማርኛቸው የኦሮምኛ ምት ይኑረው፤ ምርቃታቸውና ተረታቸው በራሳቸው ቋንቋ ይግባ። ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ቼኾቭ «ተማሪው»ን ባሳተመበት በዚያው በ1894፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ፣ አናሲሞስ ነሲብና ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ገኖ «ጀልቀባ በርሲሳ» የተባለውን የኦሮምኛ ማስተማሪያ አሳትመዋል። መጽሐፉ ውስጥ ከሕዝብ አፍ የተወሰዱ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ግጥሞች አሉ። አብዛኛውን አስቴር ከልጅነቷ ትዝታ ነው የጻፈችው። የወንጌል አባቶቻችንና እናቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስን ሊተረጉሙ ሲነሱ የሕዝቡን ተረት አልናቁም። በአማርኛም ታደሰ ሊበን «መስከረም» የተሰኘውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል በ1949 ዓ.ም. ሲያወጣ ስለሚያውቀው የከተማ ሰው ነው የጻፈው። እኛም የምናውቀው ሰው አለን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንዲት ተማሪ አሉ፤ ቀን ልብስ ሲሰፉ ይውላሉ። የጻፉት ታሪክ ሁለት ገጽ ተኩል ነበር። በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ ሲም ካርዱን ለእናቱ ትቶ ይሄዳል። እናትየው ቁጥሩ እንዳይዘጋ በየወሩ ሲሙን ስልካቸው ውስጥ ይከቱና የአምስት ብር ካርድ ይሞሉበታል፤ ከዚያ አውጥተው በመሐረብ ይቋጥሩታል። ታሪኩ የሚያበቃው እናትየው ለሚቀጥለው ወር አምስት ብር ለይተው ሲያስቀምጡ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ለወጣቶች ፕሮግራም የሚነበብ ጽሑፍ ተጠይቄ ነበርና ይህን መረጥኩ። ግን «ተስፋ ይጎድለዋል» አልኩ። ሳላስፈቅዳቸው አንድ አንቀጽ ጨመርኩበት፦ ስልኩ ይጮኻል፣ ልጁ ነው፣ በሰው አገር ጌታን ተቀብሏል። ሲነበብ አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። እሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝና ቀስ ብለው፣ «መምህር፣ ልጁ እኮ አልደወለም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ክፍል አልመጡም።

ያን ጊዜ የገባኝን ልንገራችሁ። ምስክርነት ስንሰጥ እግዚአብሔር ያላደረገውን አደረገ ማለት ኃጢአት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልብ ወለድ ፈጠራ ነው፤ ስለዚህ እንደዚያ አይጠየቅም ብዬ አስብ ነበር። ግን ያቺን እናት የሚመስሉ ስንት ሰዎች በዚያ አዳራሽ ተቀምጠው ነበር? ለእነሱ የሰጠሁት ተስፋ አልነበረም፤ ያልተደወለ ስልክ ነው። ተስፋውስ ታሪኩ ውስጥ መጀመሪያም ነበረ። በየወሩ አምስት ብር መለየት ተስፋ ካልሆነ ምን ይባላል? እኔ አላየሁትም። ስለማላየው ጨመርኩ፤ ስጨምርም ሸፈንኩት።

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቡና አፈሉልኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ። ታሪኩም እሳቸው እንደጻፉት ሆኖ በክፍሉ ፊት ተነበበ። በዚያ ማታ አሜን ያለ አልነበረም። ከመውጣታችን በፊት ግን ባጃጅ ነጂው፣ ብዙ የማይናገረው፣ «ለዚያ ልጅ እንጸልይ» አለ። ጸለይን።

ውድ ወጣቶች፣ ለዚህ መጽሔት ታሪክ ስትልኩ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የመጨረሻውን አንቀጽ በጣታችሁ ሸፍኑና ታሪኩን ደግማችሁ አንብቡት። ያለ እሱ ከቆመ ይቅር። ካልቆመ ደግሞ ችግሩ መጨረሻው ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ነው፤ የልጁን ረሃብ ገና አልጻፋችሁትምና ወደዚያ ተመለሱ። ሰው ሲድን ጻፉ፤ ግን ከምን እንደዳነ አሳዩን። ያልዳነውንም ጻፉ፤ ደጅ የቆመ ወንድም አባቱ ወጥቶ የሚለምነው ነውና።

ጌታ ብዕራችሁን ይባርክ።