አዝማች የዋጠው ዘማሪ፦ ሪች ሙሊንስ

የአሜሪካ ወንጌላውያን ሪች ሙሊንስን የሚያስታውሱት በአንድ አዝማች ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው አልበም ውስጥ ባለው «ኦሰም ጎድ»። መዝሙሩ ግን ከአዝማቹ በፊት ረዘም ያለ ግጥም አለው። ከኤደን መባረር፣ የሰዶም ፍርድ፣ የመስቀሉ ምሕረት ለንግግር በቀረበ ዜማ ይተረካሉ። ምእመናኑ ትረካውን ጥለው አዝማቹን ይዘው ሄዱ። ሙሊንስ ራሱ መዝሙሩን በደንብ አልተሠራም ብሎ ይነቅፈው ነበር፤ ልክ ነው። የድርሰት ችሎታውን ለመመዘን የምንመለከተው ሌላ ሥራ ነው።

በ1955 በኢንዲያና ግዛት፣ ሪችመንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር ያመልክ ነበር። በሲንሲናቲ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማረ፤ በ1982 ዘማሪት ኤሚ ግራንት አንድ መዝሙሩን በአልበሟ ስታካትትለት የሙዚቃ ከተማዋ የናሽቪል በር ተከፈተለት። በ1986 እና በ1987 ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች በሲንተሳይዘር የታጨቁ፣ ዛሬ ሲደመጡ ዘመናቸው ያለፈባቸው ናቸው። አድናቂዎቹ ይህን ለመናገር ይሳሳሉ።

ትልቁ ሥራው የ1993ቱ «ኤ ሊተርጂ፣ ኤ ሌጋሲ ኤንድ ኤ ራጋመፊን ባንድ» ነው። የአልበሙ የመጀመሪያ ግማሽ የአምልኮ ሥርዓትን ቅደም ተከተል ይከተላል፤ ሁለተኛው ግማሽ ወደ አሜሪካዊ ትዝታና ኑሮ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ክፍል «ክሪድ»ን ነጥለን እንስማ። የመዝሙሩ ቃል፣ ከኒቅያው ጸሎተ ሃይማኖት የሚያጥረው የሐዋርያት የእምነት መግለጫ ነው፤ ከሞላ ጎደል እንዳለ ተወስዷል። ዜማውን የሚያስኬደው ዳልሲመር ነው፤ በእንጨት ሣጥን ላይ የተወጠሩ ብዙ ክሮች ያሉት፣ በሁለት ትንንሽ መዶሻዎች የሚመታ መሣሪያ። አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል፤ የእምነቱ አንቀጾችም እንዲሁ ያለ ፋታ ይከታተላሉ። ሙሊንስ ከራሱ የጨመረው አጭር አዝማች ነው፤ ሐሳቡም ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ቼስተርተን የተገኘ ነው፦ እምነቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ እኔን የሚሠራኝ እርሱ ነው። መዝሙር ሁሉ «እኔ ምን ተሰማኝ» በሚልበት ገበያ፣ ደራሲው ከቃሉ ኋላ ገለል ማለቱ ድፍረት ነበር።

ስለ ገንዘቡ የሚነገረው ብዙ ነው። ገቢውን ሌሎች እንዲይዙለት አደረገ፤ ለራሱ የአንድ አማካይ አሜሪካዊ ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ይከፈለው ነበር፣ ቀሪው ለበጎ አድራጎት ይውላል። በ1995 በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከሚገኘው ፍሬንድስ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ መምህርነት ተመርቆ ናቫሆ ወደሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ምድር ሄደ፤ ልጆችን ሙዚቃ አስተማረ። ስለዚህ ብዙዎች እንደ መናኝ ያዩታል፤ በ2014 የወጣው የሕይወት ታሪኩ ፊልምም ይህን ስሜት አበርትቷል። ምናኔ ማለቱ ግን ያስቸግራል፤ መድረኩንም አልበም ማውጣቱንም አልተወም። የተወው የሽያጩን ሂሳብ መከታተል ነው፤ ለእኔ ከምናኔው ይልቅ ይህ ያመራምራል።

በሴፕቴምበር 1997፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ስለ ኢየሱስ ሕይወት የደረሳቸውን መዝሙሮች በአንድ በተተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተራ የካሴት መቅረጫ ቀዳ። ሴፕቴምበር 19 ቀን በኢሊኖይ አውራ ጎዳና ጂፑ ተገለበጠች፤ የደኅንነት ቀበቶ አላሰረም ነበርና ተስፈንጥሮ ወጣ፣ የጭነት መኪናም ገጨው። 41 ዓመቱ ነበር። በ1998 መዝሙሮቹ «ዘ ጂሰስ ሪከርድ» ተብለው በሁለት ሲዲ ወጡ፦ አንዱ ያ ካሴት፣ ሌላው አጃቢው የራጋመፊን ባንድ አባላትና ወዳጆቹ በስቱዲዮ የሠሩት።

የስቱዲዮው ቅጂ የሠለጠነ እጅ ሥራ ነው፤ ቅንብሩ ሙሉ፣ ድምፁ የጠራ። ነገር ግን ከመዝሙሮቹ አንዱ፣ «ሃርድ ቱ ጌት»፣ እንደ ዳዊት የሰቆቃ መዝሙሮች ዝም ያለውን አምላክ የሚሞግት አቤቱታ ነው። ለሙግት የሚስማማው ደግሞ በካሴቱ ላይ የሚሰማው ሻካራና ያልታረመ ድምፅ ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች የሚበልጠው ካሴቱ ነው።