ያቺን ቀዳዳ አትድፈኗት

«ትንሽ ታንጠባጥባለች እንጂ ሌላ ምንም የላትም» አሉኝ፣ ላዳቸውን ጋራዡ በር ላይ አቁመው ሞተሩን እያጠፉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። መኪናዋን እንደ ልጅ ስለሚያዩዋት ሕመሟን ሲናገሩ ማሳነስ ይወዳሉ። ከኋላ ወንበሩ ሥር ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸጉጧል። ሾፌር ውሃ ይዞ መዞር ከጀመረ «ትንሽ» ማለቱን አላምነውም።

ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ካርቶን ቀድጄ ከሞተሩ ሥር አነጠፍኩ። ውሃ ከሚፈስበት ቦታ ላይ አይንጠባጠብም። ቬንቲላተሩ ይበትነዋል፣ በሞተሩ ገላ ላይ ይንሸራተታል፣ ዝቅ ያለ ጫፍ ሲያገኝ ደግሞ ይንጠለጠላል። የላይኛው ቱቦ ፋሼታ ላልቶ ሳለ ፖምፓውን ፈተው አዲስ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከገዙ በኋላም ማንጠባጠቡ አልቆመም። ስለዚህ አካባቢውን በጨርቅ አደረቅኩና ቡና ልንጠጣ ሄድን። ይህ ስንፍና አይደለም። ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ውሃው መግባቱን አያቆምም፤ ለጥቂት ደቂቃ ግፊቱ ይጨምራል። ደካማ ቦታ ካለ የሚታየው ያኔ ነው።

ስንመለስ ካርቶኑ ላይ ሦስት ጠብታ፣ የቀጠነ ሻይ የሚመስል ቀለም። ቀና ብዬ በባትሪ ሳይ ጠብታው የመጣው ከዚያችው ከማውቃት ቀዳዳ ነው።

የላዳ የውሃ ፖምፓ ከሆዱ ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ቀዳዳ አለችው። ለማያውቅ ሰው ስንጥቅ ወይም የፋብሪካ ስህተት ትመስላለች። ሆን ተብላ የተበሳች ናት። ከወዲህ የሞተሩ ውሃ አለ፣ ከወዲያ ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ግራሶውን ጠጥቶ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የውሃ ሲል የምንለው ማገጃ አለ፤ በስፕሪንግ ግፊት የምትለጠፍ አንዲት የከሰል ቀለበት ናት። ይህች ቀለበት ስትበላ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ከመድረሱ በፊት በቀዳዳዋ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ የሚንጠባጠበው ውሃ መልእክተኛ ነው።

መልእክተኛ የሚገደልበት ዘመን ግን እኔም ነበረኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ በምሠራበት ጋራዥ አንዲት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ በዚሁ ሕመም መጣች። ባለቤቱ ለዕቃ ገንዘብ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ብልህ መሆኔን ለማሳየት ቸኩያለሁ። ቀዳዳዋን በሁለት ቱቦ በሚቀላቀለው ማጣበቂያ ደፈንኳት። ማንጠባጠቡ ቀጥ አለ። ባለታክሲው ደስ ብሎት፣ ጉርሻ ሰጥቶኝ ሄደ። መውጫ ያጣው ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን አጠበው፤ ብረቱ ዛገ፤ ዘንጉ መወላገድ ጀመረ። በዚህ መኪና ቬንቲላተሩ የሚታሰረው እዚያው ፖምፓው ራስ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሽሮ ሜዳን ዳገት ሲወጣ የቬንቲላተሩ ክንፎች ራዲያተሩን እንደ ሊጥ ቆራረጡት። የአንዲት ማገጃ ዋጋ የነበረው ሥራ ራዲያተር፣ ፖምፓና የአንድ ሳምንት ገቢ ሆነ። ጉርሻውን መለስኩለት፤ አልተቀበለኝም፣ የተናገረኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ እያልን ስንሠራ ጣልያንኛ እየተናገርን መሆናችንን አብዛኞቻችን አናስበውም። ላዳዋ ስትፈታ ይህ ነገር ይገርመኛል። መኪናዋ ሩሲያዊት ናት ቢባልም ሥሯ የፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው በ1970 ማምረት ጀመሩ። የተሠራችባት ከተማ ቶሊያቲ እንኳ በጣልያኑ የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም የተጠራች ናት። ሞተሩን ግን እንዳለ አልወሰዱትም፤ ካምሻፍቱን ወደ ቴስታታው አውጥተውታል። እንግዲህ በቮልጋ ዳር የተገጣጠመ ብረት በቱሪን ቃል እየተጠራ አዲስ አበባ ላይ ይፈታል። 

አስተማሪው ጉዳዩን የማይታገሱበት ምክንያት ነበራቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዘመድ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። ያ ማለት ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ከዚያ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ አስረዳኋቸው፣ ለአስተማሪ ማስረዳት ደስ ይላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የላዳ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ80 ገደማ ነው። በመካከል የቀረን አሥራ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ልክ ከ100 በላይ ይወስደዋል። የሚያፈስ ፖምፓ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ይህንን ግፊት ይሰርቃል። ዓባይ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ወደ ደጀን በወጣን ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ልክ እየወረደ፣ ሞተሩ ግን በከባድ ማርሽ እየጋለ ይሄዳል። «ስለዚህ ጀሪካን አይበቃም» አሉ፤ በቃ፣ ገባቸው።

መፍታቱ ብዙ ወሬ የለውም። በቀዝቃዛ ሞተር ውሃውን ማፍሰስ፣ ቺንጋውን ማላላት፣ ቬንቲላተሩን ማውረድ፣ ከዚያ በ13 ቁልፍ አራቱን ዳዶ መፍታት። የፖምፓው ፊት ከነዘንጉ ይወጣል፣ ቤቱ ሞተሩ ላይ ይቀራል። ለዚህ አሠራር ንድፉን ያወጣውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ሙሉ ፖምፓ መግዛት ይቻላል፣ ረዳቴም ያንን ነበር የፈለገው። አልተቃወምኩም፣ ግን አንዱን አስመጥቼ ከአሮጌው ጎን አስቀመጥኩት። አዲሱ ያብለጨልጫል፤ ውሃውን የሚገፋው ክንፍ ግን ስስ ነው፣ ዘንጉን በጣቴ ሳዞረው ደረቅ ድምፅ አለው። የአሮጌው አካል ከባድና ጤነኛ ነበር። ኩሽኔታውን ዳር ዳሩን ይዤ ብወዘውዘውም አልተነቃነቀም፤ አስተማሪው ቀዳዳዋን ስላልደፈኑ ውሃ አልደረሰበትም። ስለዚህ ማገጃዋን ብቻ ልለውጥ ወሰንኩ። ኩሽኔታው ቢያንኳኳ ኖሮ አዲሱን ከመግጠም አልመለስም ነበር፤ አሮጌ ዕቃ ማዳን ሱስ ሲሆን ደንበኛን መጉዳት ይመጣል።

ክንፉን በፑለር ስናወጣው ማገጃዋ የምታርፍበት ፊቱ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሮ አገኘን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ማገጃ በተቆፈረ ብረት ላይ ካረፈች በወሩ ታፈሳለች፣ ከዚያም «ዕቃው የቻይና ነው» ተብሎ ይታማል። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፍኩ፣ ጥቂት ዘይት ጨመርኩ፣ ክንፉን በግንባሩ አስተኝቼ በ8 ቁጥር ቅርጽ ማሸት ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ፊቱ አንድ ወጥ ግራጫ እስኪሆን፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት ጥላ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ረዳቴ ሁለት ጊዜ «አሁንስ ይበቃል» አለ። ሁለት ጊዜም ጥፍሩን ፊቱ ላይ እንዲያንሸራትት ነገርኩት፣ ሁለት ጊዜም ጥፍሩ ያዘው።

ክንፉ ተመልሶ ዘንጉ ላይ ሲጫን ከፖምፓው ፊት ጋር የሚኖረው ክፍተት ከ0.9 እስከ 1.3 ሚሊሜትር ነው። የቫልቭ ክፍተት በምንለካባት ስስ ቆርቆሮ አረጋገጥን። ከጠበበ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ከሰፋ ውሃው በደንብ አይገፋም። ጓርኒሲዮኑን ራሴ ቆረጥኩት፤ ካርቶኑን በፖምፓው ጠርዝ ላይ አስተኝቶ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ነው፣ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። ማስቲሽ በጣቴ ጫፍ ብቻ ቀባሁ። እንደ ቅቤ የሚለድፉት አሉ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል።

ቺንጋውን ሲያጠብቅ ረዳቴን አስቆምኩት። በፖምፓውና በዲናሞው መካከል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር መርገብ አለበት። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ቺንጋ አይጮኽም፣ ኩሽኔታውን ግን ቀስ ብሎ ይገድለዋል።

ውሃውን በተመለከተ ከአስተማሪው ጋር ተከራከርን። «እኛ አገር በረዶ የለ፣ ኩላንት ለምኔ ነው?» አሉ። ኩላንት ከበረዶ መከላከያነቱ ሌላ ዝገት የሚከለክል ቅመም አለው። የቧንቧ ውሃ ሲግል የሚተወው ነጭ ድንጋይ፣ ከዝገቱ ጋር ሆኖ ያችን የከሰል ቀለበት እንደ አሸዋ ይፈጫታል፤ ቦዩን የቆፈረውም እሱ ነበር። ክንፉ ላይ የተጋገረውን ፍቄ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እያሹ ዝም አሉ፣ ከዚያ ስንት ሊትር እንደሚገዙ ጠየቁኝ።

ሞልተን፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተን፣ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን ያለ ክዳን አሠራነው። ከድነን ካጠፋን በኋላ ከቀዳዳዋ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ረዳቴ ደነገጠ፤ እጁ ወደ ማጣበቂያው መደርደሪያ ሲሄድ አየሁትና ሳቄ መጣ። አዲስ ማገጃ ከፊቱ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ሊያልብ ይችላል። ሌላ ካርቶን አንጥፈን መኪናዋን አሳደርናት።

ጠዋት ካርቶኑ ላይ የትላንቷ ጠብታ ደርቃ ክብ ምልክት ሠርታለች፣ ሌላ የለም። አስተማሪው ካርቶኑን አንስተው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዙሪያውን አዩት። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ከሁለቱ ጀሪካኖች አንዱን አወረዱ።