ከበሮው መሬት ላይ ሳለ

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት የካቶሊክ ዘማሪ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ከማኅሌት ተማሪዎቼ ጋር ተቀምጦ ብዙ ካደመጠ በኋላ፣ «የኔታ፣ ጽፋቱ እንዲህ ልብ እያሞቀ ለምን ከእርሱ አትጀምሩም? ቁም ዜማው ሕዝቡን ያደክማል» አለኝ። የእርሱም ቤተ ክርስቲያን በግእዝ ሥርዓት ስለምትቀድስ ከበሮና ጸናጽል ለእርሱ እንግዳ አይደሉም። የእኛዎቹ የከተማ ልጆችም ይህንኑ ይጠይቁኛል።

እኔ በዚህ ነገር አልለሰልስም። በድምፅ ብቻ ከሚባለው ቁም ወደ መቋሚያው ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ ከበሮው መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጭብጨባው ጽፋት የሚያወጣው መንገድ አይቆረጥም። ቁሙን ሳይቆም የሚያጨበጭብ ሰው የሚሰማው የራሱን እጅ ብቻ ነው። ከበሮው በመጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ወደ አንገት የሚወጣው ዜማው ራሱ ሲጠራው ነው። መቺው ቀድሞ ካነሣው ያ ማኅሌት ተበላሽቷል፤ ሕዝቡ እልል ቢልም ተበላሽቷል።

አባቶች ስለ ከበሮው ያስተማሩንን ልብ እንበል። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው። የለበሰው ጨርቅ ጌታን ያለበሱት ከለሜዳ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር ነው። ስንመታው በጥፊ መመታቱን፣ በመቋሚያ ወዲህና ወዲያ ስንል በቀራንዮ መንገድ መገፋቱን እናስባለን። እንግዲህ ደስ ሲለን የምናደርገው ሁሉ የሕማማቱን መልክ ይዟል። ፍርሃትን ለቅዳሴ፣ ደስታን ለመዝሙር ከፍለው የሚሰጡ ሰዎች ይህን ከበሮ ቀርበው ያዩት አይመስለኝም።

በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ለጾመ ድጓው መቋሚያ ይቀርለታል። ተማሪዬን የምመዝነው በዚያ ወራት ነው። ከበሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየ እጁ ለማይቁነጠነጥ ልጅ፣ የትንሣኤ ለት ከበሮውን አምኜ እሰጠዋለሁ።

ተክሌ ከሚባለው ዝማሜ ወገኖች ጋር የቆየ ክርክር አለኝ። አለቃ ገብረ ሐና ያን ዝማሜ ከጣና ማዕበል ወስደው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት ይባላል፤ ጎንደሮች አልቀበል ሲሉትም ደብረ ታቦር ላይ ጸና። እኔ የጎንደሩን ነው የተማርኩት። ሐይቅ ዳር ስለምኖር የማዕበሉን ውበት አልክድም። ግን ለጀማሪ እጅግ ይጣፍጣል፤ ጣዕሙ ቀድሞ ከያዘው የተገፋውን ጌታ ይረሳል። ቁሙን የጨረሰ ይማረው፣ አልከለክልም።

ለካቶሊኩ እንግዳዬ የአርዲቦ ውኃ በአንከርካ ወንዝ ወርዶ የሚገባበትን ሐይቅ አሳየሁት፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንም ተሳለመ። እርሱ ደግሞ በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ስላለው የሐበሾች እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጫወተኝ። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተማቸውን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ከአገር ርቆ በግእዝ የደከመ ሰው ወንድሜ ነው።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ አልነገርኩትም ነበር፤ እዚህ ልጻፈው። እናቴ በሁዳዴ ዐረፈች። ቆሎ ለምኜ ስማር ስንቅ ተሸክማ ትመጣ የነበረች እናቴ። የትንሣኤ ሌሊት ማኅሌት ቆምኩ። ከበሮው መሬት ላይ ሆኖ በዝግታ ሲመታ አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በል አላለኝም፣ ዜማውም አላጣደፈኝም። መረግዱ ላይ ድምፄ ተመለሰ። ወደ ጽፋቱ ስንደርስ ከበሮውን ራሴ አንግቼ ነበር፤ እንባዬ ሳይደርቅ «ክርስቶስ ተንሥአ» ማለት ቻልኩ። ያን ሌሊት ከጽፋት ቢጀመር ኖሮ ጥዬ እወጣ ነበር።